ዝምተኛዋ ሻይ ሻጭ ስንት ነጥብ ይገባታል?

በዚህ ዕትም ስለ መማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ስለ ጨዋታ ልንጽፍ ነው። ‹‹መምህራኑ ሥራ ፈቱ እንዴ?›› የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይሁንና ይህ ጨዋታ አንድ ተማሪያችንን ሊያሳጣን ነበር። ጥፋቱን ስንፈትሽ ከጨዋታው ደንብ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከእኛ ከመምህራኑም ዘንድ አገኘነው። ስለዚህ ታግሣችሁ አንብቡልን።

ነገሩ የተጀመረው ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ነው። ሰፈሩን የምታውቁት ታስታውሱታላችሁ፤ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ያለ፣ ስሙ በዓረብኛ ‹‹ጋዜጠኝነት›› እንደማለት የሆነ፣ በዚያን ጊዜ ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር ነው። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከመፈንዳቱ በፊት እዚያ በአንዲት የኪራይ ክፍል ማታ ማታ እንግሊዝኛ እናስተምር ነበር። ተማሪዎቻችን ቀኑን ሰው ቤት ሲያጸዱ፣ ሻይ ሲሸጡ፣ ረክሻ ሲነዱ የዋሉ ናቸው። ሰዋስው ስናስተምራቸው እንቅልፍ ይጥላቸዋል፤ አንፈርድባቸውም፣ እኛንም ይጥለን ነበር። አፋቸውን ከፍተው እንዲናገሩ ብለን ነው ጨዋታውን ያመጣነው።

‹‹የሚና ጨዋታ›› ብለን እንጠራዋለን። አራት አምስት ሰው በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል። አንዱ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ‹‹እኔ አሁን እንዲህ አደርጋለሁ›› ይላሉ። ያደረጉት ይሳካል አይሳካም የሚለው ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። ለእኛ ያን ያህል እንግዳ ነገር አይደለም። ልጆች ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ የጠፋው ሰው አገር ይሰጥ አልነበር? ማንም ከመደቡ ሳይነሳ ጎንደርን የሚያህል አገር ይሰጣል፣ ይቀበላል። ልዩነቱ እዚህ እያንዳንዱ ሰው የገጸ ባሕርዩን ችሎታ በቁጥር የጻፈበት ወረቀት ይዞ መቀመጡ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ወረቀት ነው።

የዚህ ዓይነት ጨዋታ ታትሞ ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ሲሆን፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያዘጋጁት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አምስተኛው ዕትም ሲወጣ አጠር ያለው ደንብ በኢንተርኔት በነፃ ስለተለቀቀ፣ እኛም ኢንተርኔት ቤት ሄደን አሳተምነው። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ግን ከየት ይምጣ? ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸውን ቁርጥራጭ ወረቀቶች በኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ ጨምረን ዕጣ እናወጣ ነበር።

ወረቀቱ ላይ ስድስት ችሎታዎች አሉ። ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጥንካሬ፣ ብልህነት፣ አስተዋይነት፣ ግርማ ሞገስ ብለን ተረጎምናቸው። ሰው በውስጡ ይዞት የሚኖረው፣ ‹‹አልበገርም›› የሚያሰኘው ነገር በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከአስተዋይነት ሥር ተሸጉጧል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛው ዕትም ይህን ነገር ለብቻው ስም ሰጥቶት ነበር፤ ግን እዚያም ቢሆን ድግምትና ማባበያ ሲመጣ የሚመክት ጋሻ ነው። በአምስተኛውም ሥራው ብዙ አልተለወጠም። ጠላት ሲመጣ ዕጣ ታወጣለህ፤ ጠላት ከሌለ ወረቀትህ ስለ ልብህ ምንም አይናገርም።

ተማሪዎቹ ይህን ነገር ለብቻው እንድንጽፍላቸው ጠየቁን። ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? መጀመሪያ ‹‹የመንፈስ ጥንካሬ›› አልን፤ ከሰውነት ጥንካሬው ጋር እየተምታታ አስቸገረን። ቀጥለን ‹‹ፈቃድ›› ብለን ጻፍን። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ‹‹ቲቸር፣ ፈቃድ ቢኖረን እዚህ ምን እንሠራለን!›› አሉን። ለካ ካርቱም ውስጥ ፈቃድ ሲባል ለስደተኛ የሚታሰበው የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ነው። በመጨረሻ ‹‹ወኔ›› አልነው። ይህኛው አጭርም ሞቅ ያለም ስለሆነ ሁሉም ወደደው፤ ችግሩንም ያመጣው እሱ ነው።

ወኔ የሚሰማ ነገር ነዋ! ይፎክራል፣ ይሸልላል፣ ደረት ያስነፋል። ወኔ ብለን ከጻፍን በኋላ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ መጮህ ጀመሩ። ከፍተኛ ነጥብ የያዘውም ብዙ የሚያወራው ሆነ። ከተማሪዎቻችን መካከል አንዲት ዝምተኛ ነበረች። ማታ ክፍል የምትመጣው ሻይ ስትሸጥ ውላ ነው፤ ካልጠየቅናት አትናገርም። በጨዋታውም ሻይ ሻጭ ሆነች፤ ወረቀቷ ላይ የጻፈችው ንብረት አንድ ጀበናና አምስት ሲኒ ነበር። ነጥብ ስናድል ወኔዋን 8 ሰጠናት። 8 ከመካከለኛ በታች ነው፣ ከሚወጣው ዕጣ ላይ አንድ ያስቀንሳል። ለምን 8? ዝም ስለምትል። ይህን መጽሐፉ አላዘዘንም፤ እኛው ነን ያደረግነው።

ታሪኩ ከመተማ ወደ ገላባት ስለሚሻገሩ መንገደኞች ነበር። መንገድ ላይ አንድ ደላላ ይይዛቸውና የተደበቀ ልጅ የት እንዳለ ይጠይቃቸዋል። ሌሎቹ ተከራከሩ፣ ዋሹ፣ ተሳደቡ። ሻይ ሻጯ ዝም አለች። ደንቡ በሚለው መሠረት ዕጣ አስወጣናት፤ 12 ያስፈልጋት ነበር፣ 3 ወጣ።

‹‹ተናገረች›› አልን።

‹‹አልተናገረችም›› አለችን።

‹‹እንዴ! ዕጣው እኮ ሦስት ነው።››

‹‹ቲቸር፣ ዕጣው እሷን በምን ያውቃታል?››

ሁሉም ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። ታሪኩን ቀጠልን፣ ልጁ ተያዘ። እሷ ደብተሯን አጥፋ ወጣች። ከዚያ ለሦስት ሳምንት አልመጣችም። ኋላ አብራት ከምትኖረው ልጅ እንደሰማነው፣ ወደ ካርቱም ስትመጣ ገንዘብ በሚጠይቁ ሰዎች እጅ ወድቃ፣ የአንድ ሰው ስም ስትጠየቅ አድራ አልተናገረችም። ዝርዝሩ የእሷ ስለሆነ እዚህ አንጽፈውም። እኛ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ያን ሌሊት ሰርዘንባታል።

ከዚህ በኋላ ነው ሌሎች የጨዋታ ደንቦችን መፈለግ የጀመርነው። ስልካችን ላይ እያወረድን፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ እያነበብን፣ ዝም ያለን ጽናት በወረቀት ላይ ማን በደንብ እንደጻፈው ስናመዛዝን ከረምን። ‹‹ወኔ››ን ትተን ‹‹ጽናት›› ማለት የጀመርነውም ያኔ ነው። ፍርዳችንን እነሆ።

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የማርክ ሬይንሃገን ቫምፓየር፡ ዘ ማስከሬድ ጽናትን ከ1 እስከ 10 በሚደርስ ነጥብ ይጽፈዋል፤ ነጥቡም እንደ ገንዘብ ይወጣል። አንድ ነጥብ ከከፈልክ ሊያጠራጥር የነበረው ነገር በእርግጥ ይሳካልሃል። ሰው እንደ ተፈጥሮው ሲኖር ደግሞ ያወጣው መልሶ ይሞላል። ይህ ከፍ ያለ ሐሳብ ነው። ጽናት እንደሚደክም፣ ሰው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አንድ ዓይነት ብርታት እንደሌለው ያውቃል። ስንጫወተው ግን ሁሉም ነጥቡን ለመጨረሻው ፍልሚያ እያጠራቀመ አስቸገረን። እንደ ጀሪካን ቤንዚን ሆነ፤ የሚታየው ሲቀጣጠል ብቻ ነው። በየማለዳው ተነስቶ ከሰል ለማያያዝ ነጥብ የከፈለ አንድም ሰው አላየንም።

የሳንዲ ፒተርሰን ኮል ኦቭ ክቱሉ (1981 እ.ኤ.አ.) ከመንፈስ ኃይል ተነስቶ የአእምሮ ጤናን በቁጥር ይሰጥና አስፈሪ ነገር በታየ ቁጥር ይቀንሰዋል። ለማስፈራራት ጥሩ ነው። ለእኛ ጉዳይ ግን ቁልቁለት ብቻ ሆነብን።

ከሁሉ ያስደነገጠን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የጆን ታይንስና የግሬግ ስቶልዚ አንኖውን አርሚስ ነው። አምስት መለኪያዎች አሉት፤ ጥቃት፣ ከተፈጥሮ ውጪ የሆነ ነገር፣ አቅመ ቢስነት፣ ብቸኝነትና የራስ ማንነት። ካርቱም ውስጥ ተቀምጠን ‹‹አቅመ ቢስነት›› እና ‹‹ብቸኝነት›› የሚሉትን ስናነብ፣ ስለእኛ ማን ነገራቸው አልን። መከራ ሲመጣ ዕጣው ከተሳካልህ በዚያ መለኪያ ላይ አንድ የ‹‹መደንደን›› ምልክት ይደረግልሃል፤ ካልተሳካልህ የ‹‹መሰበር›› ምልክት። የደነደነ ሰው ተመሳሳይ ነገር ሲመጣ አይደነግጥም። ነገር ግን መደንደኑ በበዛ ቁጥር ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ የሌላው ሥቃይ አይሰማውም። ደራሲዎቹ መደንደንን ብርታት ነው ብለው አላታለሉንም፤ እናመሰግናቸዋለን። በየጉዞው የደነደኑ ሰዎች አይተናል፤ አንዳንዶቹ ኋላ ራሳቸው ደላላ ሆነዋል። ቢሆንም ደንቡ ሁለት በር ብቻ ነው ያለው። ሳይሰበርም ሳይደነድንም የሚኖር ሰው ምልክት የሚያደርግበት ቦታ የለውም። የእኛ ተማሪ ከሁለቱም አልነበረችም፤ ያን ሁሉ አሳልፋም ለጎረቤቷ ልጅ ሻይ በነፃ የምትሰጥ ናት።

ቀጥሎ ግሬግ ስታፎርድ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ፔንድራገን ነው። ስለ ጥንት የእንግሊዝ ባላባቶች ስለሆነ አንጠብቀውም ነበር፤ ለጥያቄያችን የቀረበው ግን እሱ ሆነ። ጠባይን በ13 ጥንድ ይከፍለዋል። ትሕትና ከትዕቢት፣ ይቅር ባይነት ከቂመኝነት፣ እውነተኝነት ከአታላይነት፣ ወዘተ.፤ የእያንዳንዱ ጥንድ ድምር 20 ነው፣ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። በዓመቱ ውስጥ በጠባዩ መሠረት የሚገባ ሥራ የሠራ ሰው ምልክት ያደርጋል፤ ክረምት ሲገባ ምልክቶቹ ታይተው ጠባዩ ከፍ ሊል ይችላል። የወደድነው ይህን ነው። ጽናት በአንድ ሌሊት ፍልሚያ ሳይሆን ዓመት ዞሮ፣ በክረምት፣ ሰው እቤቱ ሲቀመጥ ይቆጠራል። እንደ ገበሬ ነው፤ የዘራውን በመኸር ያየዋል። ነገር ግን አንድ የሚያስቅ ነገር አለበት። ጠባዩ 16 እና ከዚያ በላይ የደረሰ ሰው በየዓመቱ የክብር ነጥብ ያገኛል። ትሕትናው 16 የሆነ ሰው በትሕትናው ዝነኛ ይሆናል ማለት ነው! ማንም ያላየው ትሕትና፣ ማንም ያልሰማው ዝምታ ከምን ይቆጠር?

እዚህ ላይ ደንቦቹን ዘጋንና ከልጅነታችን ወደምናውቀው ልብ ወለድ ተመለስን። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ያላነበበ ቢኖር እንኳ በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የተተረከውን ሰምቶታል። ክፍላችንን ጠየቅነው፤ ‹‹ከመጽሐፉ ሰዎች ጽናቱ የበለጠው ማን ነው?›› ሁሉም በአንድ ድምፅ ‹‹ጉዱ ካሣ!›› አሉ። ልክ ናቸው፤ ጉዱ ካሣ ሁሉም የፈራውን ይናገራል፣ ስለዚህም እብድ ይባላል። ነጥብ ስጡ ብትባሉ 18 ትሰጡታላችሁ። ሰብለ ወንጌልንስ? የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ፣ አባቷ ‹‹ለዘራችን አይመጥንም›› እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ በቤት ውስጥ የሚያልፍባት ሴት ናት። አትከራከርም፣ አትፎክርም። እኛ በሳሃፋ ብናገኛት ኖሮ ያለምንም ጥርጥር 8 እንሰጣት ነበር።

ግን ሰብለ ምን አደረገች? ቀኑ ሲደርስ እንደ መነኩሴ ለብሳ ከአባቷ ቤት ወጥታ ሄደች። የባላባት ልጅነቷን፣ ምቾቷን፣ ስሟን ከፈለች። በዛብህን ሲሞት አገኘችው፤ ከመቃብሩ አጠገብም መንኩሳ ቀረች። ደራሲው ‹‹ሰብለ ጽኑ ነበረች›› ብሎ አይነግረንም። የከፈለችውን አንድ በአንድ ያሳየናል፤ እኛ ሒሳቡን ደምረን ነው የምናውቃት። ደግሞ ልብ በሉ፤ ጽናቷ መቀመጥ ብቻ አይደለም፣ መሄድም ነው። ይህን የምንለው ያለምክንያት አይደለም። በእኛ አገር ሴት ልጅ ‹‹ቻይ ናት›› ተብላ ስትመሰገን ብዙውን ጊዜ ሌላ ሸክም ሊጨመርባት ነው። ቻይነትና ጽናት አንድ አይደሉም። እልህም ሌላ ነው፤ እልኸኛ ሰው ዓይኑ ባላንጣው ላይ ነው፣ ባላንጣው ከሄደ እልሁም ይሄዳል። ጽኑ ሰው ግን የሚጠብቀው ነገር አለው፤ ሰው ኖረም አልኖረም።

ከዚህ ተነስተን የራሳችንን ደንብ ጻፍን፤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ነጥብ የለውም። ተጫዋቹ በወረቀቱ ጀርባ የሚጠብቀውን አንድ ነገር ይጽፋል፤ ስም ሊሆን ይችላል፣ ቃል ኪዳን ሊሆን ይችላል፣ ዕቃም ሊሆን ይችላል። ለመሪው ብቻ ያሳየዋል። ያ ነገር ሲነካ ዕጣ አይወጣም። ተጫዋቹ ‹‹እጠብቃለሁ›› ካለ ይጠብቃል፤ ግን ከወረቀቱ ፊት አንድ ነገር ይሰርዛል። ምን እንደሚሰረዝ ራሱ ይመርጣል። ሌሎቹ የሚያዩት መሰረዙን ነው እንጂ ለምን እንደሆነ አያውቁም። ‹‹ይበቃኛል›› ማለትም ይችላል፤ ያን ጊዜ ጀርባውን ገልጦ ያነባል፣ ማንም አይሳለቅበትም።

ተማሪያችን ስትመለስ (ሄደን ይቅርታ ጠይቀናታል፣ ያለዚያ አትመለስም ነበር) ያን ክፍል እንደገና ተጫወትነው። ደላላው ጠየቀ። እሷም ከፊት ለፊት ካለው ዝርዝር ውስጥ ‹‹ጀበና›› የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዘች። ደላላው ጀበናውን ሰበረው ብለን ተረክን። ‹‹ምነው፣ በምንሽ ልትሠሪ ነው?›› አላት ረክሻ ነጂው። ‹‹ሲኒዎቹ አሉኝ›› አለችው። ጨዋታው ቀጠለ።

ደንባችን ጉድለት የለውም አንልም። አንድ ወጣት ተማሪ ባሰበው ሰዓት ሁሉ እየሰረዘ ባዶ ወረቀት ይዞ ቀረ፤ የሚጠብቀው ነገር ምን እንደነበር ስናይ ‹‹መሸነፍ አልወድም›› የሚል ነው። ያ እልህ እንጂ ጽናት አይደለም፤ ደንባችን ግን ሁለቱን መለየት አልቻለም። ሌላው ደግሞ፣ ክፉ መሪ ካለ ተጫዋቹን እየነካካ እስኪራቆት ድረስ ሊያስከፍለው ይችላል። ስለዚህ በአንድ ምሽት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይነካ የሚል መስመር ኋላ ጨምረናል። ከፔንድራገን የክረምቱን ሐሳብ ተበድረን በየተርሙ መጨረሻ የተሰረዘውን አብረን እንቆጥራለን፤ የክብር ነጥቡን ግን ትተነዋል።

ጦርነቱ ሲመጣ የሳሃፋዋ ክፍል ተበተነች። ተማሪዎቻችን ግማሹ ወደ ገዳሪፍ፣ ግማሹ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ግማሹ ወደማናውቀው ሄደዋል። ቆርቆሮውን አልያዝንም፤ ደንቧን ግን ደብተር ውስጥ አጥፈን ይዘናት ወጣን። እዚህ መጠለያ ከደረስን ወዲህ በራኩባው ሥር ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ተጫውተናታል። መምህራን ባልደረቦቻችን አንድ ነገር እንድትመለከቱልን እንለምናለን። ማርክ ሊስታችን ላይ ‹‹ተሳትፎ›› የምትል አምድ አለች፤ ከመቶ አሥር ትይዛለች። ባለፈው ተርም እኛ የሞላነውን መልሰን ስናይ ከአሥር አራትና ከዚያ በታች የሰጠናቸው በሙሉ ዝምተኞች ናቸው። ከእነሱ መካከል አንድ ቀን እንኳ ያልቀሩ አሉበት፤ ውኃ ቀድተው፣ ታናናሾቻቸውን አድርሰው ነው የሚመጡት። አምዷ ትሰረዝ አላልንም። እንዴት እንደምትሞላ ግን በሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባ ላይ አጀንዳ አድርገን አስይዘናል።

ደንቧ በአማርኛ ተገልብጣ በቤተ መጻሕፍቱ ሣጥን ውስጥ ትገኛለች። ጨዋታው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት መልስ ነው፤ ቦታው ለስድስት ሰው ብቻ ስለሆነ ቀድማችሁ ተመዝገቡ። እርሳስ ሳይሆን እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ የተሰረዘ ነገር በላጲስ ሲመለስ አይተናል።